«ሲ» ስንባባል የትኛዋን ሲ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሙዚቃ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። ጥያቄያቸው ቢለያይም ዞሮ ዞሮ የድምፅ ስም ላይ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ መልሱ ውስጥ ከመግባታችን በፊት አንድ ውል እንያዝ። በአማርኛ ፊደል «ሲ» ለሁለት ጌታ አዳሪ ነች። በእንግሊዝኛው ፊደል የሚቆጥረው ኪቦርዲስት «ሲ» ሲል ዶን ማለቱ ነው። ዶ ሬ ሚ ብሎ የተማረው ደግሞ «ሲ» ሲል ከዶ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብላ ያለችውን ሰባተኛዋን ማለቱ ነው። ሁለቱ በአንድ መድረክ ላይ ሲገናኙ የሚፈጠረውን ጩኸት የሰማ ያውቀዋል። በዚህ አምድ «ሲ» የሚባል ድምፅ አናነሳም፤ ሰባቱን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ቢ እንላቸዋለን። የመሣሪያዎቹን ስም ግን ነፊዎች እንደሚጠሩት ኤፍ ሆርን፣ ቢ ፍላት ትራምፔት፣ ኢ ፍላት አልቶ እያልን እንተወዋለን፤ ኤፍ ማለት ፋ፣ ኢ ማለት ሚ ነው። ርቀት የምንለካው በግማሽ ድምፅ ነው። ኪቦርድ ላይ ነጭ ጥቁር ሳይመርጡ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ መሄድ አንድ ግማሽ ድምፅ ነው። ድምፅ ግማሽ ዝቅ ስትል «ፍላት»፣ ግማሽ ከፍ ስትል «ሻርፕ»፣ ሁለቱም ሳይነካት ስትቀር «ናቹራል» ነች።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ በማርሽ ባንድ ሆርን መማር ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። ኖታው ላይ ዶ ተጽፎ ዶ ስነፋ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ «ፋ ነው የነፋኸው» ይለኛል። ትራምፔት የሚነፋው ጓደኛዬ ዶ ሲነፋ ደግሞ ሌላ ነው የሚወጣው። ሆርኑ ተበላሽቶ ነው ወይስ ስህተቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ ሆርንህም አንተም ደህና ናችሁ። ኤፍ ሆርን ላይ ዶ አንብበህ ፋ ከወጣ መሣሪያው ሥራውን እየሠራ ነው። የመሣሪያው ስም የሚነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነፊው ዶ አንብቦ ሲነፋ ከኪቦርዱ የትኛዋ ቁልፍ ጋር እንደሚገጥም። የቢ ፍላት ትራምፔት ዶ ኪቦርድ ላይ ቢ ፍላት ነች። የኢ ፍላት አልቶ ሳክስፎን ዶ ሚ ፍላት ነች። ያንተ ዶ ፋ ነች። በቤዝ ክሌፍ (ለዝቅተኛ ድምፆች በሚውለው የኖታ መነሻ ምልክት) የሚያነብ ትሮምቦን ግን ዶ ካለ ዶ ነው፤ ለኪቦርዱ ልጅ እንደ ትሮምቦን የሚመች ጎረቤት የለም።

ስሙ የማይነግርህ ስንት ያህል እንደሚወርድ ነው፤ እሱን መያዝ ያስፈልጋል። ትራምፔት፣ ፍሉገልሆርንና ተለምዷዊው ክላርኔት ከተጻፈው 2 ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብለው ይሰማሉ። ቴነር ሳክስፎንም ቢ ፍላት ነው፤ እሱ ግን አንድ ኦክታቭ (ከአንዷ ዶ እስከ ቀጣዩዋ ዶ ያለውን 12 ግማሽ ድምፅ) ጨምሮ 14 ግማሽ ድምፅ ይወርዳል። አልቶ ሳክስፎን 9፣ ባሪቶን ሳክስፎን 21 ይወርዳል። ኤፍ ሆርን የሚወርደው 7 ነው። ስለዚህ መሐለኛዋን ዶ ስትነፋ የምትሰማው ፋ ከመሐለኛዋ ዶ በታች ያለችው ነች። የኪቦርዱ ልጅ ከላይ ያለችውን ፋ ተጭኖ «አልገጠመም» ቢልህ ያልገጠመው ኦክታቩ ነው።

ታዲያ የሚሰማው ለምን አይጻፍም? ለሳክስፎን መልሱ ቀላል ነው። አልቶ የለመደ ልጅ ነገ ቴነር ቢሰጡት ጣቱ እንደለመደው ይሄዳል፤ ልዩነቱን ኖታ ጸሐፊው ተሸክሞለታል። የሆርን ግን ታሪክ አለው። ቫልቭ (በጣት ሲጫኑት ትንፋሹን በተጨማሪ ቧንቧ የሚያሳልፈው ቁልፍ) ሳይመጣ በፊት ሆርን ከእኛ መለከት ብዙም አይርቅም ነበር፤ የሚጫኑት ነገር የለውም፣ ነፊው ከንፈሩን እያጠበቀና እያላላ ቧንቧው በተፈጥሮው የሚሰጠውን ድምፅ ነው በዋናነት የሚያወጣው። ሙዚቃው ከሬ ሲሆን ለሬ የሚሆን፣ ከሚ ፍላት ሲሆን ለሚ ፍላት የሚሆን ጥምዝ ቧንቧ ይሰካበታል። ነፊው የሚያነበው ያችኑ ዶ ነው፤ የሚለወጠው ቧንቧው ነው። እ.ኤ.አ. በ1814 አካባቢ ሃይንሪሽ ሽቶልሰል ቫልቭን ለሆርን ካበጀ በኋላ ያን ሁሉ ቧንቧ ይዞ መዞር ቀረ። ከሁሉም ተመርጦ የቀረው 3.7 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የፋ ቧንቧ ነው። ስሙም የአጻጻፍ ልማዱም ከዚያው ቀረ።

አሁን ወደ ሆርንህ እንመለስ፤ እውነተኛ ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው። በስጦታ ወይም በሁለተኛ እጅ የሚገኝ ሆርን ሁሉ ኤፍ አይደለም። ባለ ነጠላ ቢ ፍላት ሆርን አለ። የኤፍ ኖታ ነው የሚያነበው፤ የጣቱ አጫጫን ግን ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ አካል የያዘ፣ በአውራ ጣት የሚቀያየር ድርብ ሆርንም አለ፤ ይህን ፍሪትዝ ክሩስፔ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1897 አካባቢ ነው ያወጣው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ምንም ቫልቭ ሳትጫን ከታች ወደ ላይ እየወጣህ ድምፆቹን በቲዩነር (የሚሰማውን ድምፅ ስም በሚያሳይ መሣሪያ) እይ። ፋ፣ ዶ፣ ፋ፣ ላ፣ ዶ ካሳየህ ኤፍ ነው። ቢ ፍላት፣ ፋ፣ ቢ ፍላት፣ ሬ፣ ፋ ካሳየህ ቢ ፍላት ነው። ከዚያ በፊት ግን ቲዩነሩ ራሱ ወደ ኤፍ ወይም ወደ ቢ ፍላት አለመዞሩን አረጋግጥ፤ የስልክ ቲዩነሮች ይህ ምርጫ አላቸው፣ አንድ ሰው ነክቶት ከተወው ቀኑን ሙሉ ያሳስትሃል።

በኤፍ የጣት ሰንጠረዥ ቢ ፍላት ሆርን የያዘ ልጅ የሚጠፋበትን ቦታ በአንድ ድምፅ እንየው። የተጻፈችው ሁለተኛዋ መስመር ላይ ያለችው ሶል ነች። ኤፍ ሆርን ላይ ያለ ቫልቭ ትወጣለች፤ በኪቦርድ መሐለኛዋ ዶ ነች። ነጠላው ቢ ፍላት ላይ ግን ያለ ቫልቭ እዚያ ቦታ የሚገኝ ድምፅ የለም፤ ከበታቿ ቢ ፍላት፣ ከበላይዋ ሬ ነው ያለው። ልጁ ይነፋል፣ ከንፈሩ አንዴ ወደ ታች አንዴ ወደ ላይ ይንሸራተታል፣ አሠልጣኙ «ጆሮ የለህም» ይለዋል። ልጁ ጆሮ አለው፤ 1ኛውን ቫልቭ መጫን ነበር ያለበት። ሌላው ደግሞ ለሰልፍ የሚይዙት ሜሎፎን ነው፤ ፊቱ ወደ ፊት የተዘረጋ፣ ቫልቩ በቀኝ እጅ የሚጫን። እሱም ኤፍ ነው፣ ያንተኑ ኖታ ያነባል፤ የቧንቧው ርዝመት ግን የሆርን ግማሽ ያህል ስለሆነ ጣቱ የትራምፔት ነው።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ተማሪ ነኝ፣ ያለኝ ኤፍ ሆርን ነው። የድሮ የኦርኬስትራ የሆርን ኖታ በስልኬ አውርጄ ነበር። አንዱ «ኢን ኤስ»፣ ሌላው «ኢን ቤ»፣ ሌላው «ኮርኒ ኢን ሬ»፣ ሌላው «ኮር አን ኡት» ይላል። ሁሉም መግቢያው ላይ ሻርፕም ፍላትም የላቸውም። እንደተጻፈው ስነፋው ከቀረጻው ጋር አይገጥምም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከገጹ ቋንቋ ጀምሪ። ኖታ ዓለም አቀፍ ነው ይባላል፤ የድምፅ ስም ግን አይደለም።

«ኮርኒ» ወይም «ኮርኖ» ካለ ገጹ ኢጣሊያንኛ ነው፣ «ኮር» ካለ ፈረንሳይኛ። ሁለቱም ዶ ሬ ሚ ነው የሚሉት፤ ችግር የለም፣ «ኢን ሬ» ሬ ነው። «ኡት» የዶ አሮጌ ስም ነው። «ቤሞል» ወይም «ቤሞሌ» ፍላት ነው። በእነዚህ ገጾች ላይ «ሲ ቤሞል» ብታይ በዚህ አምድ ቢ ፍላት የምንላት ነች፤ በኪቦርድ ሰዎች «ሲ» ተሳስተሽ ዶ ፍላት እንዳታደርጊያት።

ተንኮሉ ጀርመንኛው ላይ ነው። በእንግሊዝኛ «ቢ» የምንላት ፊደል ጀርመን ገጽ ላይ ብቻዋን ከተጻፈች ቢ ፍላት ነች፤ ስሟም «ቤ» ነው። ያለ ፍላት ያለችው ቢ የምትጻፈው እኛ «ኤች» በምንላት ፊደል ነው፣ እነሱ «ሃ» ይሏታል። ስም መጨረሻ ላይ «ኢስ» ከመጣ ሻርፕ ነው፣ «ፊስ» ፋ ሻርፕ። «ኤስ» ከመጣ ፍላት ነው፤ «ዴስ» ሬ ፍላት፣ «ጌስ» ሶል ፍላት፣ «አስ» ላ ፍላት፣ «ኤስ» ብቻዋን ደግሞ ሚ ፍላት። እንግዲህ በአፍ ሲነገር ምን እንደሚሆን እይ። ጀርመንኛ የሚቆጥር ሰው «ኤ» ካለሽ ሚ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተማረው «ኤ» ካለሽ ላ ነው። በአማርኛ ስንጽፈው አንድ ፊደል ነው። ስለዚህ የታተመውን ፊደል ራሱን አሳዪኝ በዪ፤ ሰው የጠራልሽን አትመኚ።

«ሞል» እና «ቤሞል»ም ይምታታሉ። «ቤሞል» ፍላት ነው፣ ጀርመንኛው «ሞል» ግን ማይነር ነው፤ «ዱር» ደግሞ ሜጀር። «ዴ ሞል» ሬ ማይነር እንጂ ሬ ፍላት አይደለም። የሥራው ኪይ (ሙዚቃው የቆመበት መነሻ ድምፅ) እና የሆርኑ ስምም ለየብቻ ናቸው። ሥራው በሬ ማይነር ሆኖ የሆርኑ ክፍል በኤፍ ሊጻፍ ይችላል። ርዕሱ ላይ ያለውን ስም ትተሽ በስተግራ፣ ከመጀመሪያው መስመር አጠገብ «ኢን» ብሎ የሚጀምረውን ነው የምታነቢው።

ስሙ ከታወቀ ቀሪው ቆጠራ ነው፤ ሰንጠረዥ መሸምደድ አያስፈልግም። አንቺ ፋ ላይ ቆመሻል። ከፋ ወደተጻፈው ስም ስንት ግማሽ ድምፅ ነው? ያንኑ ያህል ኖታውን ሁሉ ታወርጃለሽ ወይም ታወጫለሽ። ሚ ከሆነ 1 ዝቅ፣ ሚ ፍላት 2 ዝቅ፣ ሬ 3 ዝቅ፣ ሬ ፍላት 4 ዝቅ፣ ዶ 5 ዝቅ። ወደ ላይ ሲሆን ሶል 2 ከፍ፣ ላ ፍላት 3 ከፍ፣ ላ 4 ከፍ። ቢ ፍላት ሁለት መልክ አላት። «አልቶ» ወይም ጀርመንኛው «ሆህ» ከተጨመረባት 5 ከፍ ነው፣ «ባሶ» ወይም «ቲፍ» ከተባለች 7 ዝቅ። ቃሉ ከሌለ ስኮሩን (የሁሉንም መሣሪያ ኖታ በአንድነት የያዘውን) ገልጦ ከሌሎቹ መሣሪያዎች ጋር ማስተያየት ነው። «ኢን ዶ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ባሶው ነው፤ አልቶ ከሆነ ይጽፉታል።

አሁን «ኢን ኤስ» ያለውን እንንፋው። ሚ ፍላት ነው፣ 2 ዝቅ። መጀመሪያ የተጻፈችው ዶ ምን እንደምትሆን እይ፤ ቢ ፍላት ሆነች። ስለዚህ ገጹ ላይ ምልክት ባይኖርም ጭንቅላትሽ ውስጥ የቢ ፍላት ሜጀርን ሁለት ፍላት፣ ቢንና ሚን፣ ትተክያለሽ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷን ኖታ አንድ ደረጃ ማውረድ ብቻ ነው፤ መስመር ላይ ያለችው ወደ ታችኛው ክፍት ቦታ፣ ክፍት ቦታ ያለችው ወደ ታችኛው መስመር። ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ተጽፎ ከሆነ ፋ፣ ቢ ፍላት፣ ሬ፣ ፋ ትነፊያለሽ። «ኢን ሬ» ሲሆን ደግሞ ዶ ላ ትሆናለች፤ የላ ሜጀርን ሦስት ሻርፕ (ፋ፣ ዶ፣ ሶል) በሐሳብሽ ይዘሽ ከመስመር ወደ ታችኛው መስመር፣ ከክፍት ቦታ ወደ ታችኛው ክፍት ቦታ ትዘያለሽ። ያው ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ሶል አሁን ሚ፣ ላ፣ ዶ ሻርፕ፣ ሚ ሆነ። ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው ሚ ፍላት፣ ከዚያ ሬ ነው። ሚ ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ግን አምስት ሻርፕ ይዞ ይመጣል፣ እሱን አቆይው።

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው መሐል ላይ በመጣ ምልክት ነው። «ኢን ኤስ» ላይ ፋ ሻርፕ ተጻፈ እንበል። ፋ አንድ ደረጃ ወርዳ ሚ ሆነች፣ ሻርፑን ተሸክማ «ሚ ሻርፕ» ብለሽ ከነፋሽ የሚወጣው ፋ ነው፤ ግማሽ ድምፅ ሳትሽ። ሻርፕ ማለት ምልክቷን እንዳለ መውሰድ ሳይሆን «ከነበረችበት ግማሽ ድምፅ አንሷት» ማለት ነው። ፋ እዚህ የምትሆነው ሚ ፍላት ነው፤ ሚ ፍላት ግማሽ ድምፅ ስትነሳ ሚ ናቹራል ነች። መልሱ እሱ ነው።

መግቢያው ላይ ምልክት የሌለውም በዚያው በቧንቧው ልማድ ነው፤ ቧንቧው ራሱ ኪዩን ስለሚይዝ ነፊው ዶ ሜጀር እንደሚያነብ ሆኖ ይጻፍለት ነበር፣ የሚያስፈልግ ሻርፕና ፍላት ኖታዋ አጠገብ ይቀመጣል።

ሁለት ነገር ጨምሬ ልለፍ። መሐል ላይ «ሙታ ኢን ሶል» ብታይ የደወሉን ማፈኛ አትፈልጊ፤ «ወደ ሶል ቀይር» ነው የሚልሽ፣ ከዚያ ጀምሮ ቆጠራሽ ይለወጣል። ማፈኛው በኢጣሊያንኛ «ሶርዲኖ» ነው። ሆርን ቤዝ ክሌፍ ላይ ሲወርድ ደግሞ የድሮ ጸሐፊዎች ከሚገባው አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርገው ይጽፉ ነበር። ቤዝ ክሌፍ ላይ ያለው ኖታ መሣሪያው ሊደርስበት የማይችል ጥልቅ ከመሰለሽ አንድ ኦክታቭ አንስተሽ ሞክሪው።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ቅኝትና ኪይ አንድ ናቸው? «ትዝታን በኤፍ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

መልስ፦ አንድ አይደሉም። ቅኝት በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው፣ ኪይ መነሻው የቆመበት ቦታ። ትዝታ ሜጀር ከየትም ቢነሳ በግማሽ ድምፅ ሲቆጠር 2፣ 2፣ 3፣ 2 እያለ ሄዶ በ3 ወደ መነሻው ኦክታቭ ይደርሳል፤ «በኤፍ» ሲባል ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ ነው። ክራር ደርዳሪ ዘፋኟ ድምፅዋ ከፍ ስትል ክሮቹን ሁሉ እኩል ሲያጠብቅ ቅኝቱን ሳይነካ ኪዩን ቀየረ፤ ትራንስፖዝ የሚባለው ይኸው ነው።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ የሠርግና የበዓል ባንድ አለኝ፤ ትራምፔት፣ አልቶ፣ ቴነር፣ ትሮምቦን፣ በቅርቡ ደግሞ አንድ ሆርን ጨምረናል። ኪቦርዲስቱ ሐሳቡን በኪቦርድ ያሳየኛል፣ እኔ ለየነፊው ጽፌ እሰጣለሁ። ልምምድ ላይ ይገጥማል፣ መድረክ ላይ አንዳንዴ ግማሽ ድምፅ ይለያያል። ደግሞ አምባሰል ስጽፍ «አምባሰል አይመስልም» ይሉኛል።

መልስ፦ የመድረኩ ጉዳይ ከእርስዎ ኖታ አይመስለንም፤ መጀመሪያ ኪቦርዱን ይመልከቱ። «ትራንስፖዝ» የሚለው ቁልፍ ላይ ቁጥሩ 0 ነው? ብዙ ኪቦርዲስት ጣቱ የለመደውን ኪይ ይዞ፣ ዘፋኙ ከፍ ሲልበት ቁልፉን ወደ +1 ወይም +2 ያደርጋል። እሱ ጣቱ ዶ ላይ ነው፣ «ዶ ነው» ይላል፣ አይዋሽም፤ የሚሰማው ግን ዶ ሻርፕ ነው። ነፊዎቹ ጋ እንደዚህ ያለ ቁልፍ የለም። ስለዚህ ሕግ ያውጡ፤ ለነፊዎች የሚነገረው ጣቱ ያለበት ሳይሆን የሚሰማው ድምፅ ነው። ዘፋኙ ኪይ ካስቀየረም ቁልፉ ከመነካቱ በፊት ለነፊዎቹ ይነገር።

ለመጻፍ ሁልጊዜ ከሚሰማው ድምፅ ይነሱ። መሣሪያው የሚወርደውን ያህል እርስዎ ከፍ አድርገው ይጽፋሉ። በትዝታ ሜጀር ከሚ ፍላት እንሂድ፤ የሚሰማው ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ቢ ፍላት፣ ዶ ነው። ለትሮምቦን እንዳለ። ለትራምፔት 2 ከፍ፦ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ። ለቴነር ያንኑ፣ ከአንድ ኦክታቭ ጋር። ለአልቶ 9 ከፍ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ለሆርን 7 ከፍ፦ ቢ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ፋ፣ ሶል። መግቢያው ላይ የሚቀመጠውን ምልክት ለማግኘት ደግሞ ለቢ ፍላት መሣሪያ ሁለት ሻርፕ፣ ለኢ ፍላት ሦስት፣ ለሆርን አንድ ሻርፕ ይጨምራሉ። ፍላት ካለ ሻርፕ መጨመር ፍላት መቀነስ ነው። ሚ ፍላት ሜጀር ሦስት ፍላት አለው፤ ለትራምፔት አንድ ፍላት ቀረ፣ ለአልቶ ምንም፣ ለሆርን ሁለት።

ጊታሪስቱ «በሚ ይሁን» ቢል እሺ ከማለትዎ በፊት ነፊዎቹን ያስቡ። ከሚ ትዝታ ሜጀር ለትራምፔት ፋ ሻርፕ፣ ሶል ሻርፕ፣ ላ ሻርፕ፣ ዶ ሻርፕ፣ ሬ ሻርፕ ይሆናል፤ አንድም ናቹራል የለውም። አልቶው ላይ ሚ ሻርፕ ሳይቀር ይመጣል፤ ለእሱ በሬ ፍላት አድርገው ሬ ፍላት፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ላ ፍላት፣ ቢ ፍላት ብለው ቢጽፉለት ያመሰግንዎታል። ዘፋኙ ግማሽ ድምፅ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ከቻለ ሚ ፍላት ወይም ፋ ነው የሚሻለው። ጊታሪስቱ ካፖ (አንገቱ ላይ ተቆንጥጦ ክሮቹን ሁሉ እኩል ከፍ የሚያደርግ) አለው።

አምባሰሉ የጠፋው የፊደል ስም ስለቆጠሩ ይመስለናል። አምባሰል ከዶ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ርቀቱ 1፣ 4፣ 2፣ 1። ለትራምፔት «ሁሉንም አንድ ስም ከፍ» ብለው ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ቢ ከጻፉ ርቀቱ 2፣ 3፣ 2፣ 2 ሆነ፤ አምባሰልነቱ እዚያው ላይ ቀረ። ስሙን ካወጡ በኋላ ርቀቱን ደግመው ይቁጠሩ፦ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ፣ ቢ ፍላት። አንቺሆዬ ላይ ይህ ስህተት ይብሳል፤ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ እያለ ስለሚሄድ አንዷ ግማሽ ድምፅ ከተሳተች ሰሚው ወዲያው ፊቱን ያጨማድዳል።

ወረቀቱ ራስ ላይ የመሣሪያውን ስም ብቻ ሳይሆን «የሚሰማው፦ ሚ ፍላት፣ የሚጻፈው፦ ዶ» ብለው ሁለቱንም ይጻፉ። መድረክ ላይ ተጨንቆ የሚጠይቅ ነፊ መልሱ እጁ ላይ ይገኛል።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ታች ሸዋ ሮቢት ላይ ተስተካክሎ የተነፋው ሙዚቃ ጣርማ በርን አልፈን ደብረ ብርሃን ስንወጣ ሆርኑና ትራምፔቱ ከኪቦርዱ በታች ይሆናሉ። ከፍታው ነው ይባላል። ግማሽ ድምፅ ትራንስፖዝ ብናደርገው ይስተካከላል?

መልስ፦ አታድርጉት። የጎደለው ግማሽ ድምፅ አይሞላም፤ ትራንስፖዝ ብታደርጉ ከኪቦርዱ በላይ ትሆናላችሁ። ከፍታው ራሱም ጥፋተኛ አይደለም፤ ድምፅ በአየር ውስጥ የሚሄድበትን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ግፊት ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ቧንቧ ውስጥ ያለው አየር በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ድምፁ ወደ 3 ሴንት ገደማ ይወርዳል፤ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ከቆላው ሙቀት ወደ ደብረ ብርሃን ጠዋት 15 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር በስሌት 45 ሴንት ነው። የነፊው ትንፋሽ ቧንቧውን ስለሚያሞቀው በተግባር ያን ያህል አይደርስም፣ ግን ይሰማል። ኪቦርዱን ብርድ አይነካውም። የጊታሩ የብረት ክር ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ከፍ ይላል፤ ልዩነቱን ከሁለት ወገን የሚያሰፋው ይህ ነው።

ስለዚህ ሆርኑን ከሳጥኑ እንዳወጣችሁ አታስተካክሉት። ድምፅ ሳታወጡ አምስት ደቂቃ ያህል ሞቅ ያለ ትንፋሽ አሳልፉበት፣ ቫልቮቹን እየተጫናችሁ፤ ያለዚያ የቫልቮቹ ቧንቧዎች ቀዝቃዛ ሆነው ይቀራሉ። ማውዝፒሱ (ከንፈር የሚያርፍበት ክፍል) ኪስ ውስጥ ይቆይ። ከዚያ ኪቦርዱ ቢ ፍላት ይስጣችሁ፤ ትራምፔቱ ዶ፣ ቴነሩም ዶ፣ አልቶው ሶል፣ ሆርኑ ፋ፣ ትሮምቦኑ በመጀመሪያው የስላይድ ቦታ ቢ ፍላት ይነፋሉ። የጎደለው በዋናው ስላይድ (ተንሸራቶ ቧንቧውን በሚያሳጥረውና በሚያስረዝመው ክፍል) ይሞላል። ኤፍ ሆርን ላይ ስላይዱን 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ መግፋት 9 ሴንት ገደማ ከፍ ያደርጋል፣ ቧንቧው አጭር የሆነው ትራምፔት ላይ ግን ያው 1 ሳንቲ ሜትር ወደ 23 ሴንት ይደርሳል፤ ትራምፔቱን በጥቂቱ ግፉ። ስላይዱ እስከ መጨረሻው ገብቶ አሁንም ከጎደለ ኪቦርዱን በ«ቲዩን» ዝቅ ማድረግ ነው፤ ከትራንስፖዙ ቁልፍ ጋር እንዳታምታቱት።